ጋሻዬ ሳያጭደው የተወው የእርሻ ዳር

ይድረስ ለምወድህ፣ ሰሞኑን ደግሞ ለምጠረጥርህ ወንድሜ ለሰውነት፣ ባለህበት ሑመራ።

እንዴት ነህ? ጤናህስ? የዚያ አገር ሙቀትና ወባ እንዴት አድርጎህ ይሆን? ክረምት ላይ አመመኝ ያልከው ወገብህ ተሻለህ? ውሃው ይጠጣል? ቀን ቀን የምታርፍበት ጥላ ታገኛለህ? እንጀራ ማን ይጋግርልሃል? ልብስህንስ ማን ያጥብልሃል? የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የጠየቅሁህ ለሰላምታ ማሳመሪያ እንዳይመስልህ፤ ወረድ ብዬ እመለስባቸዋለሁ።

እኔ እህትህ የትናየት፣ ለገነተ ማርያም ምስጋና ይድረሳትና፣ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። እናታችን ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው ነው፤ መደብ ላይ ተቀምጣ ጎረቤት ቤት የሚወራውን ሁሉ ትሰማለች። ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ ወይፈን ነው። የደጋው ገብስ ታጭዶ ተከምሯል፤ የቆላው ጤፍ ገና ማጭድ ላይ ነው።

ይህችን ደብዳቤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለየኋት ፊደል ራሴ ነኝ የጻፍኳት። ተማሪ ቤት ለሚሄዱት ላስጽፍ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን የጻፈ ሁሉ ያወራል። ፖስታውን በሰም አሽጌ ሰሙ ላይ በጥፍሬ መስቀል አድርጌበታለሁ። የሚያደርስልህ ጋሸና ያለው የረሒማ ባል መሐመድኑር ነው፤ በጭነት መኪናው ወደ እናንተ ይመላለሳል። የታመነ ሰው ነው ይሉታል። ቢሆንም መስቀሉ ተበላሽቶ ካገኘኸው ጻፍልኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ኅዳር ሲገባ ነው። ሚስትህ ሸጌ ጎህ ሲቀድ ከጋሻዬ እርሻ ስትወጣ ታየች ብለው ነገሩኝ ብለሃል። ተከታትለሽ እውነቱን ጻፊልኝ፣ እውነት ከሆነ ትዳሩን አፍርሼ ልጄን ስሜነሽን እወስዳለሁ ብለሃል። ወሬውን ያመጣልህን ሰው ስሙን ደብቀሃል፤ እኔ ግን በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚያ የወረደው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ምላሱ ከእግሩ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ያም ሆኖ ጭስ ያየሁ መሰለኝና ተከታተልኩ። እኔን መምረጥህም ተገቢ ነው፤ በዚህ ቀበሌ ከእኔ የሚያመልጥ ነገር የለም።

በመጀመሪያ ስለ ጋሻዬ ልንገርህ። ታውቀዋለህ፣ ከእርሻችን ጋር የሚዋሰነው ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ይኖራል። አምና ላምሽ ባቄላዬ ውስጥ ገባች ብሎ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ያቆመኝ እሱ ነው። አጭዶ ሲያበቃ መሬቱን በመዳፉ እየዳበሰ፣ አንዲት ዛላ እንኳ ለወፍ የማይተው ሰው ነበር። ዘንድሮ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ገብሱን ሲያጭድ ከእኛ ጋር በሚዋሰንበት በኩል ከላይ እስከ ታች ሁለት ክንድ ያህል ስፋት ሳያጭድ ተወው። መሀሉ ተላጭቶ ዳሩ ብቻ ቆሞ ቀረ።

እኔ የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብዬ አየሁት። ደክሞት ነው፣ ነገ ይመለስበታል አልኩ። አልተመለሰም። ረሳኸው እንዴ ብለው፣ አልረሳሁትም አለኝና መንገዱን ቀጠለ። አልረሳሁትም የሚል ሰው አስቦበታል ማለት ነው። ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከብቶቼ ከአጨዳ በኋላ ሲለቀቁ ይህን ዳር ይበሉና ዳግመኛ ሊከሰኝ ነው አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ መሬት ሊለካ ነው ስለሚባል ድንበሩን በቆመ ገብስ ሊያስመሰክር ይሆናል አልኩ። አንድ ማለዳ ዳሩ ላይ ቆሞ ሲያማትብና ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ሳየው ደግሞ መድኃኒት ቀብሮብን ነው ብዬ እናታችንን ጸበል አስረጨኋት። ጸሎት ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ምን አደረገችው?

መቋጫ ባጣ የንስሐ አባታችን መምሬ ኪዳን ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው የጋሻዬም ንስሐ አባት ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ፈገግ አሉና፣ ይህማ እግዚአብሔር በሙሴ ያዘዘው የኦሪት ሕግ ነው፤ እርሻህን ስታጭድ ዳሩን አትጨርሰው፣ የወደቀውን ቃርሚያ አትልቀም፣ ረስተህ የተውከውን ነዶ ተመልሰህ አታንሣ፣ ለመጻተኛው፣ አባት ለሌለው ልጅና ለመበለቲቱ ይሁን ብሏል አሉኝ። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን የቆየ ሕግ ዛሬ ለጋሻዬ ብቻ ነው የታየው አልኳቸው። ምን ኃጢአት ሠርቶ ነው ይህን ቀኖና የሰጡት ብላቸው ደግሞ፣ የሰው ንስሐ አይነገርም አሉኝ። እንዲህ ሲሉ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ሕጉን መፈጸም ለሱ ምን ይጠቅመዋል ብዬም ጠይቄያቸው ነበር። እጅህ የሠራውን ሁሉ ይባርክልሃል የሚል ተስፋ አለበት አሉኝ። እኔም ስመለስ በጋሻዬ አውድማ በኩል ዞርኩና ክምሩን ከእኛ ክምር ጋር አስተያየሁት። ምንም አይበልጥም። እንዲያውም ከእኛው ያንሳል። መምሬ ኪዳንም ቢሆኑ የማርያም ለት ጋሻዬ ቤት ጸበል ጻድቅ የሚቀምሱ ሰው ናቸው፤ ለሱ ማድላታቸው አይቀርም አልኩ።

አሁን ወደ ሸጌ ልምጣ። እኔ በረት ልጠርግ ማልጄ ስነሳ፣ በዚያ ባልታጨደው ዳር በኩል ነጠላ የተከናነበች ሴት ጎንበስ ብላ አየሁ። ቀና ስትል ሸጌ ናት። ነጠላዋን ከፊት ሰብስባ እንደ ያዘች ወንዙን ተሻግራ ወደ ቤቷ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ጋሻዬ በሬውን እየነዳ በዚያው በኩል መጣ። ለካ ዳሩ የቆመው መደበቂያ እንዲሆን ነው አልኩ፤ የወንድሜ ቤት በሕግ ስም ሊፈርስ ነው አልኩ። ለአንተ ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣት እናታችን፣ በዓይንሽ ያየሽው አንድ ላይ መቆማቸውን ነው ወይስ ተራ በተራ ማለፋቸውን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ።

ነገር ግን ዝም ብዬ የምቀመጥ ሴት እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። ያ ዳር ለክስም ይሁን ለድንበር ወይም ለመደበቂያ፣ እስከ ቆመ ድረስ ሰላም የለኝም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ምስክር ይሁኑኝ ብዬ ጠርቼ፣ በጠራራ ፀሐይ ማጭዴን ይዤ ገባሁና የጋሻዬን ዳር ከላይ እስከ ታች አጨድኩለት። በነዶ በነዶ አሰርኩት። ተሸክሜም አውድማው ላይ አወረድኩና፣ ይኸው የረሳኸው ገብስህ፣ አንዲት ዛላ አልጎደለም፣ ሽማግሌዎቹ ይመስክሩ፣ ነገ ከብትሽ በላብኝ ብለህ እንዳታቆመኝ አልኩት። ሽማግሌዎቹ ከእኔም ከሱም ዓይን ሸሽተው ሰማይ ሰማይ ያዩ ነበር። በሕይወቴ የሰው ገብስ በነጻ አጭጄ የተሸከምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሻዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ነዶውን አየና፣ ይህ የኔ አይደለም፣ አውድማዬ ላይ ሊያድር አይችልም አለ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተሸከመ መልሶ ወስዶ ከዳሩ ላይ አጋደማቸው። ሲጨርስ ላቡን ጠረገና፣ ምናልባት ነዶም ተረስቶ ይቀር ይሆናል አለኝ። እብድ ነው ወይስ ተንኮለኛ ብዬ ስብሰለሰል ዋልኩ።

በማግስቱ ማለዳ ከበረቱ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሸጌ መጣች። ቀጥ ብላ ወደ ዳሩ ሄደችና መታጨዱን ስታይ ቆመች። ነዶዎቹ እግሯ ሥር ናቸው፤ ሰው የለም፤ አንሥታ ብትሄድ የሚያያት አልነበረም፣ ከእኔ በቀር። ግን አልነካቻቸውም። ተቀምጣ ከአፈሩ ላይ የወደቀውን፣ ወፍ ያልቀደማትን፣ አንድ አንድ ዛላ መልቀም ጀመረች። ነጠላዋ ውስጥ የገባው ለአንድ ሰው ንፍሮ እንኳ አይሆንም። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወጥቼ ማንን ነው የምትጠብቂው አልኳት። በድንጋጤ ተነሣችና ነጠላዋን ዘርግታ አሳየችኝ። እታለም፣ ማንንም አልጠበቅሁ፣ ማንንም ስጡኝ አላልኩ፣ ይህ ዳር ተትቶ ስላየሁ ነው፣ መምሬ ኪዳን ከቅዳሴ በኋላ ለድሀ የተተወ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው አለችኝ። ታዲያ ነዶው እኮ ሞልቶልሻል፣ ለምን አታነሺም ብላት፣ ቃርሚያ የማንም አይደለም፣ ነዶ ግን የታሰረ ነው፣ ያሰረው ሰው አለው፣ ነዶ ካነሣሁ ሌባ እባላለሁ አለችኝ። ያሰርኩት እኔ መሆኔን አላወቀችም ነበር። ከጋሻዬ ጋር ቃል ተለዋውጣ እንደማታውቅ በማርያም ስም ማለችልኝ። ሳትምልም አምኛት ነበር፤ እኔ ሰው ማመን እንደሚከብደኝ አንተ ታውቃለህ።

ወንድሜ፣ ቤትህ ተርቧል። ይህን በትክክል እንድታነበው ፊደሉን አጉልቼ ጽፌዋለሁ። ለእኩል የሰጠኸውን እርሻህን መስከረም ላይ በረዶ መታው፤ የተረፈውን አራሹ ወሰደ። የእርዳታ እህል ሲታደል ኮሚቴው ሸጌን፣ ባልሽ ሑመራ ሰሊጥ ያፍሳል፣ ከሀብታም ሚስት ጋር ምን አለን ብሎ መለሳት። እኔ ደግሞ ለመስቀል አንድ ቁና ገብስ ሰጥቻት ነበር። ስሰጣት ግን ያለፈውን እህል ምን አደረግሽው፣ ለማን ሰጠሽው፣ ቡና ነው የገዛሽበት፣ እያልኩ መረመርኳት። ያን ቁና አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያወራሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ወንዙን ተሻግራ ቤቴ መጥታ አታውቅም። እኔም ጠግባ ነው ብዬ ነበር።

እንደገና መምሬ ኪዳን ዘንድ ሄድኩ፤ አሁን እንኳ ልከራከር ነው የሄድኩት። ሸጌ ባል አላት፣ መበለት አይደለችም፤ ስሜነሽ አባት አላት፤ በየትኛው ሕግ ነው ከዚያ ዳር የሚቃርሙት አልኳቸው። እሳቸው ረጋ ብለው ሰውነት መቼ ነው ለሚስቱ የጻፈላት አሉኝ። ለእኔ ጽፏል አልኳቸው። እኔ የጠየቅሁሽ ለሚስቱ ነው አሉኝ።

ከዚያ አስቀምጠው ሕጉን አብራሩልኝ። እግዚአብሔር ባለ እርሻውን ለድሀ በእጅህ ስጥ ማለት አቅቶት አይደለም አሉ፤ ያንንም ብሏል። ይህኛው ግን ተው ነው የሚለው። የሚተወው ሰው የማን ልጅ እንደምትወስደው አያይም፤ ስለዚህ አይኮራም፣ አይመረምርም። የምትወስደውም እጇን ለሰው አትዘረጋም፤ በገዛ ወገቧ ጎንበስ ብላ የሠራችውን ትበላለች፤ ልጇም እናቴ ለመነች ሳትል ታድጋለች። ሁለቱ በአንድ መሬት ላይ ይኖራሉ፣ አይተፋፈሩም። እስራኤልም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርክ አስብ የተባለው ለዚሁ ነው፤ የሰው ፊት ማየት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያየው ስለሆነ ነው አሉኝ። እኔ ያን ቁናዬን አሰብኩ። ለጋሻዬ የወረደለት በረከት ከክምሩ ላይ አልታየኝም ነበር፤ ለካ የሚታየው በሌላ ቤት ኖሯል። የአንተ ቤት እስከ አሁን ያልፈረሰው በዚያ በሁለት ክንድ ገብስ ነው።

ስመለስ በቀጥታ ወደ ዳሩ ሄድኩ። ያሰርኳቸውን ነዶዎች ማሰሪያቸውን እየፈታሁ ገብሱን ከላይ እስከ ታች እንደ ወደቀ አድርጌ በተንኩት። ጋሻዬ ከበሬው ጋር ቆሞ አየኝ፤ እኔም አየሁትና መበተኔን ቀጠልኩ። በማግስቱ ጧት በረት ለመጥረግ ዘግይቼ ወጣሁ። ሆን ብዬ ነው የዘገየሁት። ዳሩ ተለቅሞ ነበር። ጋሻዬን አሁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ ምን በድሎ ያን ቀኖና እንደ ተቀበለ ሳላውቅ አልሞትም። ሚስትህን ግን አምናታለሁ። የጠየቅኸኝ ይህን ነበር፤ መልሱ ይኸው ነው።

አሁን ተራው የአንተ ነው። ከሑመራ የተመለሱትን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። አንዱ ደህና ነው አለኝ። አንዱ ቤት ተከራይቷል አለኝ። አንዱ ወፍሯል አለኝ። ብቻውን የሚኖር የቀን ሠራተኛ ሑመራ ላይ አይወፍርም። ሌላው ደግሞ ስምህን ስጠራበት ጫማውን መመልከት ጀመረ፤ የሰውዬው ጫማ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረበትም። ለዚህ ነው እንጀራ ማን ይጋግርልሃል፣ ልብስህንስ ማን ያጥብልሃል ያልኩህ። ሚስቱን የሚጠረጥር ሰው አንዳንዴ የራሱን ሥራ እያየ ነው የሚጠረጥራት። ተሳስቼ ከሆነ መጥተህ ፊት ለፊት አሳፍረኝ፤ በመሳሳቴ እንደ ዘንድሮ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መምሬ ኪዳን መጻተኛ ማለት ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር የሚኖር ነው አሉኝ። ሰሞኑን ለገና ወደ ላሊበላ የሚወርዱት እንግዶች በደጃችን እያለፉ ናቸው፤ ከጎጃም ከትግራይ በእግራቸው መጥተው ያልፋሉ፤ አንተ በመኪና የሚመጣውን መንገድ አጣኸው። የቆላውን ጤፍ በሚቀጥለው ሳምንት አጭዳለሁ። ዳሩን እንደማልጨርሰው ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ለማን እንደምተወው መናገር ሕጉ አይፈቅድም መሰለኝ፤ ከዚያ ዳር የሚቃርም ሰው ከሩቅም ቢመጣ ግን አልመረምረውም። ይህን ቃል መስጠት ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብደኝ አንተ ታውቃለህ።

እናታችን ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ድምፁን ሳይሆን ፊቱን ልይ ብላለች። መምሬ ኪዳን እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉሃል፤ ከምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ጋሻዬ ሰላም በይልኝ ብሏል። በምትኖርበት ቤት ሌላ ሰው ካለ ለሷ ሰላምታ የለኝም። ሸጌ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ግን ጤናውን ጠይቂልኝ ነው የምትለው።

ስሜነሽም ሰላም ትልሃለች። አድጋለች፣ ጥርሷ ወልቋል፣ እናቷን ተከትላ ዛላ መልቀም ለምዳለች። ትናንት እንግዶቹ በደጅ ሲያልፉ አንዷ አሮጊት ጉንጯን ዳብሳ የማን ልጅ ነሽ ብትላት፣ የሑመራ አለቻት። የሰው ስም ይመስላታል።

እህትህ የትናየት
ከገነተ ማርያም በላይ፣ ላስታ
ታኅሣሥ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.